ሳይት ላይ ጉዳት ሲደርስ፦ የግንባታ ሠራተኛ ካሳውን ደረጃ በደረጃ እንዴት ይጠይቃል?

ከመወጣጫ የወደቀ፣ ፌሮ የወጋው ወይም ሚክሰር እጁን የያዘው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይባላል። አንዱ "አንተ የቀን ሠራተኛ ነህ፣ ኮንትራት የለህም" ነው። ሌላው "ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ለምን አልተጠነቀቅክም?" ነው። በሁለቱም ተሸማቅቆ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ሁለቱም ግን እንደሚባለው አይደሉም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግልጽ እንደሚለው፣ በሥራ ምክንያት ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የጽሑፍ ውል አለመኖሩም ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። እንግዲህ መብቱ አለ። ሰዎች የሚሸነፉት ማስረጃ ሳይዙ ስለሚቀሩና ቀኑ ስለሚያልፍባቸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ዙሪያ ነው። ለተጎጂው ብቻ ሳይሆን ለሚያስታምመው ቤተሰብም ነው የጻፍኩት፤ አልጋ ላይ ያለ ሰው ወረቀት ሊያሯሩጥ አይችልምና።

1. መጀመሪያ ሕክምና፣ ግን በትክክል የተጻፈ ሕክምና

አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ በጊዜው የመስጠት፣ ተጎጂውን በሚመች መጓጓዣ በአቅራቢያው ወዳለ ሕክምና ተቋም የማድረስና አደጋውን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። መኪና ካለ መኪናውን ጠይቁ። ካልሰጡ ግን ክርክሩን ለኋላ አቆዩትና በራሳችሁ ሂዱ፤ ደረሰኙን ብቻ ያዙ።

ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ አደጋው ሥራ ላይ እንደደረሰ ተናገሩ። ካርዱ ላይ "ወድቆ የመጣ" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ አሠሪው "ቤቱ ደረጃ ላይ ነው የወደቀው" ሊል ይችላል። "በግንባታ ሥራ ላይ እያለ ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ወድቆ" ተብሎ ቢጻፍ ግን ወረቀቱ ራሱ ይመሰክራል። ሳይት ላይ አብሮ የነበረ ሰው ካጀባችሁ እሱ ቢያስረዳ ጥሩ ነው። አንዳንድ ፎርማኖች ተጎጂውን ይዘው ሄደው "በሞተር ሳይክል ነው የተመታው በል" ይላሉ። በፍጹም እንዳትስማሙ። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር የዓመታት ገቢያችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

የመድኃኒት ማዘዣ፣ የራጅ ፊልም፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የታክሲ ደረሰኝ፣ ምንም ነገር አትጣሉ። ዋናውን ለማንም አትስጡ። አሠሪው ቢጠይቅ ኮፒ ስጡ።

2. በዚያው ሳምንት ማስረጃ ሰብስቡ

የግንባታ ሳይት ቶሎ ይለወጣል። ዛሬ የተሰበረው ጣውላ ነገ ይነሳል፤ መከለያ ያልነበረው የሊፍት ቀዳዳ በማግስቱ ይከለላል። አብሯችሁ የሠራው ልጅ ሥራው ሲያልቅ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ስለዚህ ይህን ደረጃ አታሳድሩት።

ቦታውን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ከቅርብም ከሩቅም፣ የፕሮጀክቱ ሰሌዳ እንዲታይ አድርጋችሁ። ሰሌዳው ላይ የሥራው ባለቤት፣ የኮንትራክተሩና የአማካሪው ስም አለ፤ በኋላ ማንን እንደምትከሱ ለማወቅ ይጠቅማችኋል። ፎቶውን ለምታምኑት ሰው ላኩ፤ ስልክ ይጠፋል።

አደጋውን ያዩ ሰዎችን ሙሉ ስም እስከ አያት ድረስ፣ ስልካቸውንና የሚኖሩበትን አካባቢ ጻፉ። "አቤን ታውቀዋለህ አይደል" በቂ አይደለም፤ መጥሪያ የሚላከው ለአቤ ሳይሆን ሙሉ ስሙ ለታወቀ ሰው ነው።

እዚያ ትሠሩ እንደነበር የሚያሳይ ማንኛውም ነገር ይጠቅማል። ታይም ኪፐሩ የሚይዘው የሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀት፣ የፈረማችሁበት ፔሮል፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ወይም የቴሌብር መልዕክት፣ የሳይት መታወቂያ፣ ፎርማኑ "ነገ በጠዋት ኑ" ብሎ የላከው ቴክስት ሳይቀር። አዋጁ የሥራ ውል የግድ በተለየ ፎርም መደረግ አያስፈልገውም ይላል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት ነበረበት። እሱ ግዴታውን ስላልተወጣ እናንተ መብት አታጡም። በምስክር ማስረዳት ትችላላችሁ።

3. አሠሪያችሁ ማን እንደሆነ ለዩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባለቤቱ ለኮንትራክተር ይሰጣል፣ ኮንትራክተሩ ለሰብ ኮንትራክተር፣ እሱ ደግሞ ቡድን ይዞ ለሚመጣ ሰው። አደጋ ሲደርስ ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል።

ራሳችሁን ጠይቁ፦ ማን ቀጠረኝ? ማን ያዘኛል? ስቀር ማን ይቆጣኛል? ገንዘቡን ማን ይከፍለኛል? መሣሪያውና ዕቃው የማን ነው? መልሱ ወደ አንድ ሰው ወይም ድርጅት ካመለከተ አሠሪያችሁ እሱ ነው። "ቁርጥ ሥራ ነው የወሰድከው፣ ስለዚህ ሠራተኛ አይደለህም" የሚል መከራከሪያ ይመጣል። በሠሩት መጠን መከፈል ብቻውን ከሠራተኛነት አያስወጣም። የራሳችሁን ሰው ቀጥራችሁ፣ በራሳችሁ መሣሪያና በራሳችሁ ኃላፊነት እንደ ነጋዴ የምትሠሩ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ከክስ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

በሙከራ ጊዜ ላይ መሆናችሁም ችግር የለውም። ጥበቃው ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ነው።

4. ጉዳቱ "የሥራ ላይ" መሆኑን አረጋግጡ

ሕጉ ከሚመስለው ሰፋ ይላል። መዶሻ ይዞ እያለ የተጎዳ ብቻ አይደለም የሚካተተው። በአሠሪው ትዕዛዝ ከሳይት ውጭ ሲሚንቶ ለማምጣት የሄደ፣ ከሥራ በፊት ወይም በምሳ ሰዓት በሥራው ምክንያት ግቢው ውስጥ የነበረ፣ ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳ፣ ሌላ ሰው በሥራ ሰዓት ያደረሰበት፣ ሁሉም ይካተታሉ። ከሥራው የመጣ በሽታም እንዲሁ ነው።

አሠሪው የሚያመልጥባቸው በሮች ጠባብ ናቸው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ኃላፊነት የለም። በተለይ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስና ራስን እስከማይቆጣጠሩ ድረስ ሰክሮ ሥራ መግባት በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ስለዚህ "ሄልሜት አላደረገም" ሲባል የሚቀጥለው ጥያቄ "ተሰጥቶት ነበር ወይ? አጠቃቀሙን ማን አስረዳው?" የሚለው ነው። የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው። ለሃያ ሰው አምስት ሄልሜት የነበረበት ሳይት ከሆነ ምስክሮቻችሁ ያንን ይናገሩ። ሄልሜት ወይም ሴፍቲ ቤልት ሳትቀበሉ "ተቀብያለሁ" ብላችሁ አትፈርሙ፤ ያ ወረቀት ተቀምጦ የሚጠብቀው ለዚህ ቀን ነው።

5. ለአሠሪው በጽሑፍ አሳውቁ

በቃል የተነገረ ነገር "አልሰማሁም" ይባላል። አጭር ደብዳቤ ይበቃል፦

"ለ……… ኮንትራክተር። እኔ ……… በድርጅታችሁ ……… ፕሮጀክት በግንበኝነት ስሠራ በቀን ……… ከጠዋቱ ……… ሰዓት ላይ ከመወጣጫ ወድቄ በግራ እግሬ ላይ ጉዳት ደርሶብኛል። በ……… ሆስፒታል በሕክምና ላይ ነኝ። የሕክምና ወጪዬና በሕግ የሚገባኝ ክፍያ እንዲፈጸምልኝ፣ አደጋውም ለሚመለከተው አካል እንዲገለጽ እጠይቃለሁ።"

በሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን ገቢ አድርጉ፣ ሌላው ላይ ማኅተምና የተቀበለውን ሰው ፊርማ ያዙ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ (በተመዘገበ ደብዳቤ) በፖስታ ላኩና ደረሰኙን አስቀምጡ። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ኢንሹራንስ ገብቶ እንደሆነም በዚሁ ደብዳቤ ጠይቁ። ኢንሹራንሶች አደጋው ቶሎ እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ፤ አሠሪው ሲያዘገይ እናንተም ትጎዳላችሁ።

6. የሚገባችሁን ገንዘብ ራሳችሁ አስሉ

ስንት እንደሚገባው የማያውቅ ሰው በትንሽ ገንዘብ ይስማማል። ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስሉ።

የመጀመሪያው የሕክምና ወጪ ነው። ጠቅላላና ስፔሻሊስት ሕክምና፣ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ሰው ሠራሽ አካል ካስፈለገም እሱ ሁሉ በአሠሪው ላይ ነው። ሕክምናው የሚያበቃው ፎርማኑ "በቃ ድነሃል" ስላለ ሳይሆን የሕክምና ቦርድ (ጉዳቱን የሚመረምር የሐኪሞች ቡድን) ሲወስን ነው።

ሁለተኛው መሥራት ባልቻላችሁበት ጊዜ የሚከፈል ደመወዝ ነው። እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይከፈላል፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የመጨረሻዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ደመወዙ በወር 8,000 ብር የሆነ ሰው ዓመቱን ሙሉ መሥራት ካልቻለ 24,000 ሲደመር 18,000 ሲደመር 24,000፣ ማለትም ቢያንስ 66,000 ብር ያገኛል።

ድርጅቶች እዚህ ላይ የሚሠሩት አንድ ነገር አለ። ጉዳቱን እንደ ተራ የሕመም ፈቃድ ይመዘግቡታል። የሕመም ፈቃድ የሚከፈለው አንድ ወር ሙሉ፣ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ክፍያ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፈቃዱ ላይ "በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት" ተብሎ መጻፉን ተመልከቱ።

ክፍያው የሚቆመው ሐኪም መዳናችሁን ሲያረጋግጥ፣ የዘላቂ ጉዳት ክፍያ ሲጀመር ወይም ሥራ ካቆማችሁ 12 ወር ሲሞላ ነው፤ ከሦስቱ ቀድሞ በመጣው። "ፕሮጀክቱ አልቋል" የሚል ምክንያት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ምርመራ እምቢ ካላችሁ ወይም መዳናችሁን ሆን ብላችሁ ካዘገያችሁ ግን ሊታገድ ይችላል። ቀጠሮ አትቅሩ።

ሦስተኛው የዘላቂ ጉዳት ካሳ ነው። መንገዱ ሁለት ነው። የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥላችሁ ከነበረ (7 በመቶ ከእናንተ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው) ጥያቄው በግል ድርጅቶች ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ይስተናገዳል፤ ድርጅቱ ኢንሹራንስ ከገባ ደግሞ በኢንሹራንሱ። በጡረታ ያልታቀፈ ሠራተኛ፣ ብዙው የቀን ሠራተኛ እዚህ ውስጥ ነው፣ ካሳውን ከአሠሪው በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ጉዳቱ ዘላቂ ሙሉ ከሆነ የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ፣ ከዚያ በታች ከሆነ በጉዳቱ መቶኛ ልክ። ደመወዙ 8,000 ብር የነበረው ሰው የዓመቱ 96,000 ነው፤ አምስት እጥፉ 480,000። ቦርዱ 30 በመቶ ጉዳት ብሎ ከወሰነ 144,000 ብር ይደርሰዋል። "ሃያ ሺህ ብር እንስጥህና እንለያይ" ሲባል ይህን ቁጥር አስታውሱ።

መሥራት ባይከለክልም መልክን ወይም አካልን በከባድ ሁኔታ ያበላሸ ጉዳት፣ ለምሳሌ ፊት ላይ የቀረ ቃጠሎ፣ ለካሳ ሲባል እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጠራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

በጉዳቱ ምክንያት ሥራውን ጨርሳችሁ መቀጠል ካልቻላችሁና ይህ በሕክምና ቦርድ ከተረጋገጠ የስንብት ክፍያም ጠይቁ። የጉዳት ክፍያ ላይ ግብር አይቆረጥም፤ አሠሪውም "ብድር ነበረብህ" ብሎ ሊያቻችለው አይችልም።

7. የሕክምና ቦርድ

የጉዳቱን መቶኛ የሚወስነው ቦርዱ ነው፤ በተቻለ መጠን አደጋው በደረሰ በ12 ወር ውስጥ። የሚያክማችሁ ሆስፒታል ቦርድ ከሌለው ወደሚኖርበት እንዲልካችሁ ጠይቁ። ሙሉ የሕክምና ታሪካችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፤ የሚያማችሁን ሁሉ ተናገሩ፣ በጀግንነት "ደህና ነኝ" አትበሉ። በኋላ ከባሰባችሁ ወይም ምርመራው ስህተት ከነበረ ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል።

8. ሳይገባችሁ አትፈርሙ

"ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም" የሚል ወረቀት ከተወሰነ ብር ጋር ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ሰው በጣም በተቸገረበት ቀን። በስምምነት ውል ሲቋረጥ ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት እተዋለሁ ቢል እንኳ አዋጁ ዋጋ አይሰጠውም። ቢሆንም የተፈረመ ወረቀት ክርክሩን ያከብደዋል። ገንዘቡ የግድ ካስፈለጋችሁ "ለሕክምና ቅድሚያ ክፍያ ተቀብያለሁ" ተብሎ ይጻፍ። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያምነው ሰው ሳያነብለት አይፈርም።

9. ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት

አዲስ አበባ ከሆናችሁ በክፍለ ከተማ፣ ክልል ከሆናችሁ በወረዳ ወይም በዞን ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ሳይቱን ማየት፣ መዝገብ መጠየቅና አሠሪውን መጥራት ይችላሉ። የጻፉትን ሪፖርት ኮፒ ጠይቁ፤ ፍርድ ቤት ላይ ይጠቅማል። ብዙ ጉዳይ እዚሁ በስምምነት ያልቃል። ካልሆነ ግን እዚያ አትንቀራፈፉ። ቢሮ ስለተመላለስኩ ቀኑ ቆሞልኛል ብላችሁ አትዘናጉ።

የሠራተኛ ማኅበር ካለ ማኅበሩን ያዙ። በኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ሥር ያሉ ፌዴሬሽኖችም ለአባላት ያግዛሉ።

10. ፍርድ ቤት

የሥራ ክርክር በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይታያል፤ አዲስ አበባ ከሆነ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት። የዳኝነት ክፍያ የለውም። "ገንዘብ የለኝም፣ እንዴት እከሳለሁ" ለሚለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጊዜው ግን አጭር ነው። ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ በጠቅላላው በአንድ ዓመት ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ይታገዳል። አቆጣጠሩ ላይ ክርክር እንዳይነሳ ከአደጋው ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ። ተጎድታችሁ ሳለ ካባረሯችሁ ደግሞ ወደ ሥራ ለመመለስ መክሰስ የምትችሉት በ3 ወር ውስጥ ነው። የስንብት ክፍያና መሰል የውል መቋረጥ ክፍያዎች በ6 ወር ይታገዳሉ።

ጠበቃ መያዝ ካልቻላችሁ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ራፖር ጸሐፊ ጋ ከሄዳችሁ የምትጠይቁትን እያንዳንዱን ክፍያ በተናጠል እንዲዘረዝር ንገሩት፦ የሕክምና ወጪ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የዘላቂ ጉዳት ካሳ፣ ስንብት። ያልተጠየቀ ነገር አይፈረድም።

አሠሪው በእርግጥ ጥፋት ካለበት፣ ለምሳሌ የበሰበሰ መወጣጫ እንደሆነ ተነግሮት ካላስተካከለ፣ ሌላም በር አለ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ከውል ውጭ ኃላፊነት (ከሥራ ውሉ ሳይሆን ከጥፋቱ በሚመነጭ ኃላፊነት) ተጨማሪ ካሳ መጠየቅ ይቻላል። አደጋውን ያደረሰው ሌላ ድርጅት ወይም ሰው ከሆነም መንገዱ ይኸው ነው። የዚህ ክስ ይርጋ 2 ዓመት ነው። በከባድ ቸልተኝነት ሰው ከተጎዳ ወይም ከሞተ ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል፤ የፖሊስ የምርመራ መዝገብ ለፍትሐ ብሔሩም ማስረጃ ይሆናል።

ሠራተኛው ከሞተ

የቀብር ወጪ በአሠሪው ላይ ነው። በጡረታ ያልታቀፈ ከሆነ ጥገኞቹ የዓመት ደመወዙን 5 እጥፍ ያገኛሉ። ክፍፍሉ 50 በመቶ ለሚስት ወይም ለባል፣ 10 በመቶ ለእያንዳንዱ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ 10 በመቶ ደግሞ በሟች ይረዱ ለነበሩ ለእያንዳንዱ ወላጅ ነው። ድምሩ ከመቶ ካነሰ ወይም ከበለጠ በየድርሻው ይስተካከላል። በጡረታ የታቀፈ ከሆነ ቤተሰቡ የተተኪ ጡረታ ይጠይቃል።

ብዙ የግንባታ ሠራተኛ ቤተሰቡ ገጠር ነው። አስከሬኑ ተሸኝቶ፣ ለቅሶው አልቆ፣ አንድ ሰው ወደ ከተማ መመለስ አለበት። የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ ወላጆች በልጃቸው ይረዱ እንደነበር የሚገልጽ የቀበሌ ወይም የወረዳ ደብዳቤ፣ ለከተማው ሰው ውክልና፣ እነዚህ ከሐዘኑ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ቢዘጋጁ ይሻላል።

ከተፈረደ በኋላ

የተሸነፈ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ እናንተም ያነሰ ከተፈረደላችሁ እንዲሁ። አሠሪው በውዴታው ካልከፈለ የአፈጻጸም ክስ እዚያው ትከፍታላችሁ። ኮንትራክተሩ ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ እንደሆነ ከሰማችሁ የባንክ ሒሳቡና ከሥራው ባለቤት የሚቀበለው ቀሪ ክፍያ እንዲታገድ አመልክቱ። ለዚህም ነው የፕሮጀክቱ ሰሌዳ ፎቶ ከመጀመሪያው የሚያስፈልገው፤ ገንዘቡ ማን ጋ እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው።